የአባቴ ጭን ላይ ያለው እብጠት፦ መጀመሪያ ናሙና ወይስ ቀዶ ጥገና?

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ጭናቸው ላይ ያለው እብጠት ስለማያማቸው «ስብ ነው፣ ተዉት» እያሉ ቆዩ። አሁን ከ10 ሴንቲ ሜትር አልፏል። ኤምአርአዩ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ እንደገባ አሳየ። በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙና ደግሞ «ሊፖሳርኮማ (ከስብ ሕዋስ የሚነሳ ካንሰር) ሊሆን ይችላል» ከማለት አላለፈም። አንዱ ሐኪም ቶሎ ይውጣ ይላሉ። ሌላዋ ግን በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶ ዓይነቱ ይለይ፣ ወደ ሳንባቸው ተዛምቶ እንደሆነም በሲቲ ስካን ይታይ፣ ሳይታወቅ ከተቆረጠ ቅሪት ሊተርፍ ይችላል ባይ ናቸው። እኔ ወደ ሁለተኛዋ ሐኪም ሐሳብ አደላለሁ። ችግሩ አባቴ ስኳር አለባቸው። ከቀዶ ጥገና በፊት ጨረር ከተሰጠ ቁስሉ ቶሎ እንደማይድን ሰምቻለሁ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሕመም ያስታመመ አለ? አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዕጢ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት (ናሙናውን መርምሮ የዕጢውን ዓይነት የሚለይ ሐኪም) እና ቀዶ ሐኪም የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ወንድሞቼ «ነገውኑ ይቆረጥ» እያሉ ወጥረው ይዘውኛል።