ለየሙዱ የሚሆን ፕሌይሊስት በምን ታዘጋጃላችሁ? (ጥቆማ)

ማሂ ከሰሚት
ሰላም ቤተሰብ። ሦስት ፕሌይሊስት ነው የምፈልገው፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚያነቃኝ፣ ወጥ ስሠራ የሚሆነኝ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። እስካሁን በዩቲዩብ ነበር፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል፣ ዳታውም አይቻልም። ደግሞ ራሱ እያስከተለ የሚያመጣብኝ ነገር! ትናንት ሽንኩርት እያቁላላሁ እስክስታ ላይ ሆኜ፣ ድንገት የእናት ናፍቆት ዘፈን ለቀቀብኝ። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። አፕ ይሻላል ወይስ ፍላሽ ላይ ማስጫን? አንዳንዴ በወንድሜ መኪናም ስለምሄድ ነው።

ቢኒ ባስ
ስፖቲፋይ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት የሙዚቃ አፕ)፣ አለቀ። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ታወርጂዋለሽ፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ዳታ ትሰሚያለሽ። ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት፣ ያለዚያ ያወረድሽው አይከፈትም። ሴቲንግ ውስጥ ክሮስፌድ የሚል አለ፤ እስከ 12 ሰከንድ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይገባል። ለወጡ አብሪው፣ ለማታው አጥፊው።

የጣና ልጅ
አዎ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ነው ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ የሚጋፋው።

ቢኒ ባስ
ውጭ ዘመድ የለህም እንዴ?

የጣና ልጅ
አለኝ። የቤት ኪራይ እየጠየቅኩት ዘፈንም ክፈልልኝ ልበለው?

አቤል መንገደኛ
ማሂ፣ ምንም አድርጊ፣ ፍላሽሽን ግን ለማንም አትስጪ። ባለፈው ወር አንድ ሙዚቃ መጫኛ ቤት ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። 16 ጊጋ ፍላሽ ሰጥቼ «ለረጅም መንገድ የሚሆን አድርግልኝ» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። ሰካው፣ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ «ሞልቶ ነበር፣ አጸዳሁልህ» አለኝ። ያጸዳው የእህቴን ሠርግ ፎቶ ነው። በምትኩ 2,000 ምናምን ዘፈን ገለበጠልኝ፤ ግማሹ «ትራክ 01» ነው የሚለው። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አንዱን ዘፈን አራት ጊዜ ሰማነው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እስካሁን አልነገርኳትም።

እታለም
ውይ በሞትኩት! ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም? ፎቶ አንሺው ጋ አይጠፋም እኮ።

አቤል መንገደኛ
ፎቶ አንሺው እኔ ነበርኩ።

የሰባተኛ ሰው
ሁሉም አንድ አይደለም። እኔ ሚሊተሪ ተራ ያለ ልጅ ጋ 9 ዓመት አስጭኛለሁ። «ዛሬ ከፍቶኛል» ስትለው መልክህን አይቶ ያውቅልሃል። አንዴ ቫይረስ ገብቶበት የቢሮ ኮምፒውተር አስቆለፈብኝ፣ አንዴም መዝሙር ስጠይቀው ዳንኪራ ጭኖልኝ ጾም ላይ ቤተሰብ ፊት ተዋርጃለሁ። ግን እሱ ምን ያድርግ? ሰው ይበዛበታል። እንደሱ ያለ የለም።

የጣና ልጅ
ስሙን ሳትጠሩ የምታወሩት ስለ አንድ ልጅ እንዳይሆን ብቻ።

ኪያ ጠጋኙ
አቤል፣ ከአሁን ጀምሮ ፍላሹ ላይ ምንም አትጫንበት። ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ማውጫው (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር) ነው፤ ፎቶው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ አለ። 2,000 ዘፈን በ128 ኪሎቢት ጥራት ከሆነ፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋ አይሞላም፤ ስለዚህ 10 ጊጋ ገደማ ነው የተጻፈበት። የቀረው ውስጥ የተረፈ ይኖራል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ሞክር። የሚያወጣውን ግን እዚያው ፍላሽ ላይ አታስቀምጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አድርገው። የፎቶዎቹ የድሮ ስም ጠፍቶ በቁጥር ይተካል፣ አትደንግጥ።

ማሂ፣ ላንቺም፦ ፍላሹን ራስሽ አዘጋጂው። በየሙዱ አንድ ፎልደር ክፈቺ፣ የዘፈኑ ስም ፊት 01፣ 02 እያልሽ ጻፊ። ብዙ የመኪና ቴፕ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት ካልተደረገ ፍላሹን አያነብም፣ ያንንም እዪ።

ሳሮን
ስለ ፍላሽ ካነሳችሁ አይቀር፣ ርካሽ ብሉቱዝ ስፒከር የምታውቁ? ሻወር ውስጥ የሚሆን።

ሌሊት ሹፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እኔ እዚህ አሜሪካ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ሙላቱ አስታጥቄን ነው የምከፍተው። ሳክስፎኑ ሲገባ ተሳፋሪው ስልኩን ትቶ ቀና ይላል። አንዱ «ከየት ነው?» ብሎኝ እስከ ቤቱ ድረስ ኢትዮ ጃዝ ሳስረዳው ነበር። ጉርሻውም ጥሩ ነበር። የትኛው አፕ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ልጄ ናት የጫነችልኝ።

ጋሽ ካሴት
ልጄ ማሂ፣ እነዚህ ስለ ዕቃው ነው የሚነግሩሽ። በእኛ ጊዜ ባዶ ባለ 90 ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄድ ነበር፣ በየጎኑ 45 ደቂቃ። ቦታው ስለሚያልቅ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ቁጭ ብለን እንጽፋለን። አንቺም ለየሙዱ ከ12 ዘፈን አታብዢ። ደግሞ ትዝታ ሁሉ ለማልቀሻ ነው ብለሽ እንዳትለዪው። በትዝታ ቅኝት የሚያስጨፍርም አለ፣ ሌሎቹ ቅኝቶች ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺ ሆዬውም እንደ ምቱ ነው። ዘፈኑን ከፍተሽ በጣትሽ ጠረጴዛ ምቺ፤ ከእርምጃሽ የሚፈጥነው ለወጡ፣ የሚዘገየው ለማታ። ጠዋት ላይ ገና ከአልጋ ሳትወርጂ ጉራግኛ አትክፈቺ፤ ሁለት ረጋ ያሉ አስቀድሚና ሦስተኛው ላይ ልቀቂው። ለእንቅልፍ ግጥም ያለው አይሆንም፣ ግጥሙን ስትከተዪ ይነጋል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሚ። ጾም ከሆነ የዓለሙ አጋ በገና አለልሽ።

ማሂ ከሰሚት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ጣቴን ጠረጴዛ ላይ ስመታ እናቴ «ምን ሆነሻል» አለችኝ 😂

ሄለን መብት
ፍላሽ አስጫኞች፣ ዘፋኙ ከዚያ አምስት ሳንቲም እንደማይደርሰው ታውቃላችሁ? የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የሚባለውን የዘፈን አፕ ያቋቋሙት እኮ ሰው ለዘፈን እንዲከፍል ብለው ነው።

የሰባተኛ ሰው
የእኔ ልጅ ዘፋኞቹን በግል ያውቃቸዋል።

ሄለን መብት
እነሱስ ያውቁታል?

ቢኒ ባስ
ማሂ፣ ታዲያ በምን ወሰንሽ?

አቤል መንገደኛ
ኪያ፣ እጅህ ይባረክ! ከ400 ፎቶ 61 ተገኘ። አብዛኛው ድስትና የለስላሳ ሣጥን ነው፤ ሙሽራዋ ያለችበት አራት ብቻ። በሦስቱ ዓይኗን ጨፍናለች።

እታለም
ተመስገን ነው። አራተኛውስ?

አቤል መንገደኛ
አራተኛውን ሌላ ሰው ነው ያነሳው፤ እኔ ፊቷን ከልዬ ቆሜ።