ኦፕቶቺን ላይ የሚወላውል ባክቴሪያ፦ ምን ብዬ ልመዝግበው?

ሰላም የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። ከአክታ ያበቀልኩት ባክቴሪያ እንቅልፍ ነስቶኛል። በግራም ቀለም ሐምራዊ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚታይ ኮከስ (ክብ ባክቴሪያ) ነው፤ ካታሌዝ ኔጌቲቭ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ አረፋ የማያወጣ)። ብለድ አጋር (ደም ያለበት ማብቀያ) ላይ ዙሪያውን ያረነጉዳል፣ ኮሎኒዎቹም መሀላቸው ሰርጎድ ያለ ነው። እስከዚህ ድረስ «ኒሞኮከስ» (የሳንባ ምች አምጪው ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ) ብዬ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጣጣው የመጣው ኦፕቶቺን ላይ፣ ማለትም ኒሞኮከስን እንዳያድግ በሚያግደው ኬሚካል ላይ ነው። 5 ፐርሰንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሲያድር ኦፕቶቺን ባለበት በ6 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ኒሞኮከስ ለማለት 14 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ያንኑ በተራ አየር ሳሳድረው ግን 14ን አለፈ! የኒሞኮከስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ሱዶኒሞኒዬ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው፤ እሱ ከሆነ ደግሞ እንደ ኒሞኮከስ በሀሞት ጨው መሟሟት የለበትም። እኔ ኮሎኒው ላይ 10 ፐርሰንት ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት (የሀሞት ጨው) ጠብ ሳደርግ ከፊሉ ጠፋ፣ ከፊሉ ጠፍጠፍ ብሎ እዚያው ቀረ። ምርመራውን የፈለሰፈው ሰው ለግማሽ መልስ ያሰበ አይመስለኝም።

የተቀላቀለ እንዳይሆን ከነጠላ ኮሎኒ ደግሜ አጥርቼዋለሁ። መቆጣጠሪያው፣ ማለትም የታወቀው የኒሞኮከስ ዝርያ ኤቲሲሲ 49619፣ ጥርት ብሎ ስለሚሟሟ ሪኤጀንቱን አልጠረጥርም። ፒሲአር (የዲኤንኤ ምርመራ) የለንም።

በቱቦ የሚሠራው የሀሞት ጨው ምርመራ ከጠብታው ይልቅ ይታመናል? ጥርጣሬው ካልጠራስ ለሐኪሙ ምን ብዬ ልጻፍለት? ውጤቱን እየጠበቀ ነው።