ለፎገራ ዋልካና ለጣና ዳርቻ የሚሆን የኤቲቪ ጎማ፦ የቱን እንግዛ?

ደንገል_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። 400 ሲሲ፣ አራቱም እግር የሚጎትት ኤቲቪ (ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን ባለ አራት ጎማ ሞተር) አለን፤ ጎማው አልቋል። የፊቱ 25×8-12፣ የኋላው 25×10-12 ነው (ቁመት×ስፋት-ቸርኬ፣ በኢንች)። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሥራው በሙሉ ፎገራ ሜዳና ሐይቁ ዳር፣ እምቦጭ እስከሚነቀልበት ድረስ ዕቃ ማመላለስ ነው። መንገዱ ግማሹ ድንጋይ የበዛበት ፒስታ፣ ግማሹ ዋልካ። ሻጩ ሁለት ነገር አቅርቦልናል፤ አንዱ በዚያው ልክ የሆነ ባለ 6 ፕላይ (የጎማው ንብርብር ጥንካሬ) የሁሉ መሬት ጎማ፣ ሌላው 27 ኢንች ጥርሱ ረጅም የጭቃ ጎማ። ክረምቱ ሳይገባ መወሰን አለብን። ንፋሱስ ስንት ይሁን? እስካሁን 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው የሚሞላልን።

ጎሚስታ_ሽምብጥ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት 25ቱን አስቁም። እሱ ለመኪና የሚቀርብ ንፋስ ነው። የኤቲቪ ጎማ በአብዛኛው የሚሠራው ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ላይ ነው፤ የእናንተው ቁጥር ኤቲቪው ላይ በተለጠፈው ምልክትና በመመሪያው ውስጥ አለ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሐሉ ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ይነጥራል፤ እሾህ ሲያገኝ ስለማይተኛለት ይወጋል፤ ዋልካ ላይ ደግሞ መሬቱን እየሰነጠቀ ይሰምጣል። የአሮጌውን ጎማ ጥርስ እየው። መሐሉ አልቆ ዳሩ ከቀረ ምክንያቱ ንፋሱ ነው፤ አዲሱንም እንዲሁ ይጨርሰዋል።

የመኪና መለኪያ ከ10 በታች አይታመንም። እስከ 15 ወይም 20 ብቻ የሚቆጥር፣ ግማሽ ግማሽ ፒኤስአይ የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ከጎማው በፊት እሱን ግዙ ብል ማጋነን አይደለም፤ በ6 ፒኤስአይ ላይ የ2 ስህተት ሲሶ ነው።

የምትለኩት ጠዋት ሳይሞቅ ይሁን። በ15 ዲግሪ 6 የነበረ ጎማ፣ ፀሐይና መንገድ አሙቆት 45 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 8 ይጠጋል። ቀትር ላይ «በዛ» ብላችሁ ካስተነፈሳችሁት ማታ ጎድሎ ይገኛል፤ ሹል መታጠፊያ ላይ ከንፈሩ (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው የጎማው ዳር) ከቸርኬው የሚወልቀውም ያኔ ነው።

ነጭ_ሳር፦
እኔ 27ቱን እላለሁ። ነሐሴ ላይ ፎገራ ውስጥ አጭር ጥርስ ምን ሊይዝ? የሁሉ መሬት ጎማ ጥርሱ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጭቃው ከ25 እስከ 40 ይደርሳል። ጭቃው ሲጠልቅ ረጅሙ ጥርስ ነው የሚያወጣ።

ርብ_ማዶ፦
ነጭ_ሳር ያለው ለረግረግ ይሠራል፤ ዋልካ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዋልካ ይጣበቃል። ጥርሶቹ መሐል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው ጥርስ እንደሌለው ድብልብል ይሆናል፤ ያን ጊዜ 15ም ሆነ 40 ሚሊ ሜትር ቢኖረው ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከርዝመቱ በፊት ክፍተቱን እዩ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጣታችሁን አጣብቃችሁ በጥርሶቹ መካከል አስገቡ፤ እንደ ልብ መግባት አለባቸው። ከዚያ ዳሩን ተመልከቱ። በጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ቦይ እስከ ጎኑ ድረስ ክፍት ከሆነ ጭቃው ሲሽከረከር ተወርውሮ ይወጣል። ዳሩ ላይ በጎማ ድልድይ የተዘጋ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢለው፣ ለፒስታ ብቻ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። ሰኔ ላይ ላዩ ይርሳል እንጂ ሥሩ ገና ደረቅ ነው። እዚያ ክፍት ጥርስ ያለው የሁሉ መሬት ጎማ በዝቅተኛ ንፋስ፣ አምራቹ ከፈቀደው ሳይወርድ፣ ላዩ ላይ ተንሳፎ ያልፋል። ረጅሙ የጭቃ ጥርስ ግን ሥሩ ያለውን ደረቅ ንጣፍ ቆፍሮ ይጥለዋል፤ ከዚያ ኤቲቪው በሆዱ ይቀመጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ከወጡ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ጎማ አትግቡ፤ በጀልባ ወይም በእግር ነው። የጭቃ ጥርስ የሩዝ ማሳ ክትርን አንዴ ሲያልፍበት ይንደዋል፤ ውኃው ይፈስሳል፣ የገበሬው ድካምም አብሮ። ይህን ከምንም በላይ አደራ እላለሁ።

ስለ 27 ኢንቹ ሒሳቡ ይሄ ነው። ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ ልዩነት ስለሆነ 1 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በምትኩ ማርሹ 8 በመቶ ይከብዳል። ጣና ዳር ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ስለሚያጣ እዚህ ሲደርስ 18 በመቶ ያህሉ የለም። በዚያ ላይ የጎማው ክብደት ሲጨመር ሸክሙን የሚችለው የሞተሩ ቺንጊያ (ጉልበት የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ነው። ተንሸራቶ ይሞቃል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይበጠሳል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲታጠፍም ጎማው መከላከያውን ሊፍቅ ይችላል። ሜዳ ላይ ጭነት ለሚጎትት 400 ሲሲ 25ቱ ይበቃል።

ደንገል_ዳር፦
እናመሰግናለን፣ 25ቱን ይዘናል። ሦስት ነገር ቀረን። የኋላዎቹ ብቻ ናቸው ጨርሰው ያለቁት፤ ሁለቱን ብቻ ብንቀይርስ? ግራር ስላለ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ማስገባት ይሻላል ወይ? 6 ፕላይ ወይስ 8?

ጎሚስታ_ሽምብጥ፦
ሁለቱን ብቻ አትቀይሩ። አራቱም እግር ሲጎትት የፊቱና የኋላው ዙር አምራቹ ባስቀመጠው ልክ መመጣጠን አለበት፤ ካልሆነ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ዲፈረንሻሉንና ሴሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ይበላል፤ መሪውም ይከብዳል። ለማረጋገጥ ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ዙር ግፉት፤ ከዚያ በሜትር ለኩ። 25 ኢንች ጎማ በስሌት 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ጭነት ሲኖርበት ትንሽ ያንሳል። የፊቱንም የኋላውንም ለክታችሁ ከመመሪያው ጋር አስተያዩ።

ከመነዳሪ አይሆንም። በ5 እና 6 ፒኤስአይ ጎማው ቸርኬው ላይ ትንሽ ትንሽ ይዞራል፤ ከመነዳሪውን ይዞት ሲዞር ቫልቮላው (ንፋስ መሙያው) ከሥሩ ይቀደዳል። ቲዩብለስ ሆኖ በእሾህ ሲወጋ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ሙጫ የተቀባ ገመድ ወስፋችሁ እዚያው ትደፍኑታላችሁ። ግን ጥርሱ ያለበት ላይ ብቻ። ጎኑ ላይ የተወጋ ወይም የተቀደደ ጎማ በገመድ አይታመንም። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ስለሚቀር፣ ጎማው በወለቀ ጊዜ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት። ጨርቁ ያዝ ሲያደርግ ቦታውን ታገኙታላችሁ፤ በጣት ከሆነ ትወጋላችሁ።

6 ፕላይ ይበቃል። የፒስታው ድንጋይ ጎኑን እንዳይቀድ 4 ይሳሳል፤ 8 ደግሞ ደርቆ በዝቅተኛ ንፋስ አይተኛም፣ ዋልካ ላይ የምትፈልጉት መተኛቱን ነው።

ሲገጠም ከንፈሩን በሳሙና ውኃ አርጥቡ፤ የቫልቮላውን ስፒል አውጥታችሁ ንፋሱን በብዛት ስጡት። እንቢ ካለ መሐሉን በጭነት ማሰሪያ ዙሪያውን አጥብቃችሁ ድገሙ። ከንፈሩን ለማስያዝ የሚፈቀደው ከፍተኛ ንፋስ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አንዲት ነጥብ አትለፉ። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ማስያዝ ሰው ይገድላል፤ ማንም «አውቃለሁ» ቢላችሁ አትፍቀዱ። ጥርሱ አቅጣጫ ካለው ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት ይዙር። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ አጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ እንደገና ፈትሹ።

ርብ_ማዶ፦
ሲገዙ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ካለ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 3217 ማለት የ2017 32ኛ ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2009 መጀመሪያ ነው። «17 እኮ የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» ሲባል የእኛ 2017 አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑን አጠፍ አድርጉትና ደቃቅ ስንጥቅ ካለው ተዉት።

እምቦጩን በተመለከተ፣ ሥሩና ግንዱ በጎማውና በሴሚያሱ መካከል ይጠመጠማል። ሲደርቅ እንደ ገመድ ይጠነክርና ከጎማ የተሠራውን የሴሚያሱን መሸፈኛ ይቀደዋል፤ ግሪሱ ወጥቶ አሸዋ ይገባል። ስለዚህ እርጥብ ሳለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅ ይለቀም። ከዚያ አራቱንም ጎማ በሥራው ቦታ ላይ፣ ከውኃው ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ ጥርሶቹን በእንጨት ፈልቅቁ። እምቦጭ ከቁራጭ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው በአይሱዙ ስትጭኑት ጥርሱ መሐል የቀረው ጭቃ አብሮ ይጓዛል፤ ጥርሱ ክፍት የሆነ ጎማ ለመታጠብም የሚቀለው ለዚህ ነው።

ነጭ_ሳር፦
የክትሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ 25ቱ ይሁን። ሲጫን ግን አይሱዙው ላይ በፍሬም እሰሩት። በጎማው ላይ የታሰረ ማሰሪያ ጎማው በነጠረ ቁጥር ይላላል።