ከርነሉ ከወደቀ በኋላ ሁለተኛው ከርነል ዲስኩን አላይም ይላል፤ ገመድ ሲነቀል ግን ይሰራል

የለገጣፎዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ አንድ መጋዘን ውስጥ የማስተዳድረው ሰርቨር አለ። ያገለገለ ተገዝቶ የመጣ ነው። ዲስኮቹን የሚያስተዳድር የሬይድ ካርድ አለው፣ ለካሜራዎቹ ደግሞ ለብቻው የተጨመረ የኔትወርክ ካርድ አለው። የተጫነበት ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። የዕቃ መዝገቡም የካሜራ ቅጂውም እዚያ ላይ ነው።

አልፎ አልፎ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ፓኒክ ያደርጋል፣ በድንገት ይወድቃል። ምክንያቱን ለማወቅ ኬዳምፕ ተጭኗል። ማለትም ዋናው ከርነል ሲወድቅ፣ ለዚሁ ተብሎ በተለየ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ሁለተኛ ከርነል ተነስቶ፣ የወደቀውን ሜሞሪ ቅጂ (ዳምፑን) ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ማሽኑን ሪስታርት ያደርጋል። ሁለተኛው ከርነል እሺ ብሎ ይነሳል። ዲስኩ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ «አይአርኪው 16፦ ኖባዲ ኬርድ» ይላል፣ በ16 ቁጥር መስመር ለመጣው ጥሪ ማንም ምላሽ አልሰጠም ማለት ነው። ቀጥሎ «ዲሴብሊንግ አይአርኪው 16»፣ መስመሩን ዘጋሁት ይላል። ከዚያ የሬይድ ካርዱ ታይምአውት ይደረደራል፣ እዚያው ይቀራል።

ጥበቃው ጋሼ ገመዱን ነቅለው ሲሰኩት ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። እኔ የምኖረው ጀሞ ነው፣ ከከተማው አንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ። ሌሊት ከወደቀ በስልክ «ጋሼ፣ ከጀርባው ያለውን ወፍራሙን ገመድ» እያልኩ ነው የማስነሳው። ያው ካርድ በደህናው ጊዜ እየሰራ ከፓኒክ በኋላ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

ገመድ አልባ፦
እህቴ ለምን ትደክሚያለሽ? ኬዳምፑን አጥፊው፣ «ከርነል.ፓኒክ» የሚለውን 10 አድርጊው። ሲወድቅ 10 ሰከንድ ጠብቆ በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) በኩል ራሱ ይነሳል። ጋሼም እንቅልፋቸውን ይተኛሉ።

የለገጣፎዋ፦
እሱማ ይነሳል። ግን ለምን እንደሚወድቅ ሳላውቅ ልኖር ነው። ባለቤቱ ደግሞ በየጊዜው «ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል።

ሰንበሌጥ፦
ገመድ አልባ ያለው ለሚቸኩል ሰው ጥሩ ነው፣ ማስረጃውን ግን ያጠፋል። ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ገመድ ሲነቀል ሁሉም ካርድ ኤሌክትሪክ ያጣል፣ ሲሰካ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ከርነል የሚነሳው ግን በኬክሴክ ነው፣ ከአንዱ ከርነል ወደ ሌላው በቀጥታ። ባዮስ ውስጥ አያልፍም፣ ማንም ለካርዶቹ «ሪሴት» አላላቸውም። በደህናው የኬክሴክ ሪስታርት እንኳ አሮጌው ከርነል ድራይቨሮቹን (ካርዶቹን የሚያዙትን ፕሮግራሞች) አንድ በአንድ «አቁሙ» ብሎ ነው የሚወጣው። በፓኒክ ጊዜ እሱ አይደረግም። ሎክ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በወደቀ ከርነል ድራይቨር ማስሮጥ አያዋጣም። ስለዚህ አዲሱ ከርነል የሚረከበው ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ማርሽ ውስጥ እያለ ሹፌር የተቀየረበትን ሚኒባስ ነው።

ኔትወርክ ካርዱ የወደቀው ከርነል በሰጠው አድራሻ ፓኬት ወደ ራም መጻፉን ይቀጥላል። ዲኤምኤ የሚባለው ይኸው ነው። ለሁለተኛው ከርነል ሜሞሪ ከመጀመሪያው ተቆርጦ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፦ አሮጌው ከርነል ያን ክፍል ነክቶት ስለማያውቅ በስራ ላይ ያለ ዲኤምኤ እዚያ አያርፍም። አይኦኤምኤምዩ (ካርዶች የትኛው ሜሞሪ ላይ እንደሚጽፉ በሰንጠረዥ የሚቆጣጠረው ክፍል) ከበራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አዲሱ ከርነል ሰንጠረዡን ድንገት ቢያጠፋው ካርዱ ስህተት ይተፋል። በኢንቴል በኩል ከ2015ቱ 4.2 ከርነል ጀምሮ የአሮጌውን ሰንጠረዥ ቀድቶ ይዞ ይነሳል። አንቺ ጋ የሚታየው መልእክት ግን ይህ አይደለም።

ያንቺ የኢንተራፕት ጉዳይ ነው፣ ካርድ «ስራ አለኝ» ብሎ ከርነሉን የሚጠራበት ምልክት። አንድ መስመር ላይ ከመጡ 100,000 ኢንተራፕቶች 99,900ውን የእኔ ነው የሚል ድራይቨር ካጣ፣ ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል። «ኖባዲ ኬርድ» ያለሽ ለዚህ ነው። የሚጮኸው የሬይድ ካርዱ ላይሆን ይችላል። መስመሩን የሚጋራ ሌላ ካርድ ይሆናል፣ የሬይድ ካርዱ አብሮት ተቀጥቷል። በደህናው ጊዜ «ፕሮክ» ሥር ያለውን «ኢንተራፕትስ» ፋይል ክፈቺና 16 ቁጥር ላይ እነማን እንዳሉ ንገሪን። የኬዳምፑ አፔንድ መስመር (ለሁለተኛው ከርነል ሲነሳ የሚሰጠው ትዕዛዝ) ላይ የተጻፈውንም።

የለገጣፎዋ፦
አየሁት። 16 ላይ የሬይድ ካርዱና የካሜራዎቹ ኔትወርክ ካርድ አሉ። አፔንድ መስመሩን ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሻን በእጁ ጽፎታል፣ «ኤንአር_ሲፒዩስ=1» (በአንድ ሲፒዩ ተነሳ) ብቻ ነው ያለው።

ቆርኪ፦
በቃ ተያዘ። ካሜራዎቹ ሰርቨሩ መውደቁን አያውቁም። ምስል መላካቸውን ይቀጥላሉ፣ ካርዱም ፓኬት በመጣ ቁጥር መስመሩን ይጎትታል። የዳምፑ ኢኒትአርዲ (ሁለተኛው ከርነል ይዞት የሚነሳው የፋይሎች ጥቅል) ውስጥ የዚያ ካርድ ድራይቨር የለም፣ ኡቡንቱ ለኬዳምፕ የሚያዘጋጀው ኢኒትአርዲ ዲስኩን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የሚይዘው። ማንም ዝም አያሰኘውም።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። የካሜራዎቹን ገመድ ከሰርቨሩ ንቀዪና ከርነሉን ሆን ብለሽ ጣዪው። ዳምፑ ከወጣ ነገሩ እሱ ነው።

ሰንበሌጥ፦
ቆርኪ ያለው ትክክል ነው። ከተረጋገጠ በኋላ ሁለት ነገር አብረሽ አድርጊ። አፔንድ መስመሩ ላይ «አይአርኪውፖል» እና «ሪሴት_ዲቫይስስ» ጨምሪ። የመጀመሪያው ባለቤት የሌለው ኢንተራፕት ሲመጣ ድራይቨሮቹን ሁሉ እየዞረ እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ለዳምፕ ይበቃል። ሁለተኛው ድራይቨሮቹ ሲነሱ ካርዳቸውን መጀመሪያ ሪሴት እንዲያደርጉ ይነግራቸዋል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፦ «ሪሴት_ዲቫይስስ» ድራይቨሩ ላልተጫነ ካርድ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ የካሜራውን ካርድ ድራይቨር ስም ኢኒትራምኤፍኤስ የሞጁሎች ፋይል ላይ ጽፈሽ የዳምፑን ኢኒትአርዲ እንደገና አሠሪ። ያኔ ኔትወርክ ካርዱም ይገራል።

ገመድ አልባ፦
«አይአርኪውፖል» ብቻ ይበቃ ነበር እኮ። ኢኒትአርዲ ውስጥ ነገር በጨመርሽ ቁጥር ሜሞሪ ይበላል።

ሰንበሌጥ፦
የአንድ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ያን ያህል አይበላም። «አይአርኪውፖል» ብቻውን ጩኸቱን ያልፈዋል እንጂ ካርዱን አያቆመውም። ለተቆረጠው ሜሞሪ ግን ልክ ብለሃል፣ 192 ሜጋ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጊው።

የአቃቂ ልጅ፦
ስትሞክሪ አንድ ነገር አትርሺ። ሰርቨሩ ስራ ፈትቶ እያለ ከጣልሽው ሁሉም ነገር አማን ይመስላል፤ በጉዞ ላይ ያለ ዲኤምኤ የለማ። ካሜራዎቹ እየቀዱ፣ ዲስኩ እየተጻፈበት እያለ ጣዪው። መጀመሪያ «ሲንክ» በዪ፣ ከዚያ ሲስሪኪው ትሪገር የሚባለው ፋይል ላይ «ሲ» ጻፊ፣ ከርነሉን የሚጥለው እሱ ነው። ያለ ባክአፕ ባትሞክሪው ይሻላል። ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትሞክሪ፣ ከጄነሬተሩ ጋር ተደባልቆ የቱ ምን እንዳደረገ አታውቂውም።

ዎችዶግም (ማሽኑ ከቆመ ሪሴት የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ) ካለሽ ተጠንቀቂ። አሮጌው ከርነል ያስነሳው የሃርድዌር ዎችዶግ ከወደቀም በኋላ መቁጠሩን አያቆምም። ዳምፑ ሳያልቅ ሰዓቱ ከሞላ ማሽኑን ሪሴት ያደርገዋል፣ ግማሽ ፋይል ይቀርሻል። የዎችዶጉን ድራይቨር የዳምፑ ኢኒትአርዲ ውስጥ ጨምሪ ወይም ጊዜውን አርዝሚው። ቅጂውን በሚጽፈው ፕሮግራም፣ «ሜክዳምፕፋይል» ላይ «ዲ 31» ካለ ባዶውን፣ ካሹንና የተጠቃሚውን ገጽ ስለሚዘለው ቶሎ ያልቃል።

የለገጣፎዋ፦
ሠራ! የካሜራዎቹን ገመድ ነቅዬ ጣልኩት፣ ዳምፑ ወጣ። ከዚያ ገመዱን መልሼ፣ ያላችሁትን ሁሉ ጨምሬ ካሜራዎቹ እየቀዱ ጣልኩት። «ኖባዲ ኬርድ» የለም፣ ፋይሉ «ቫር» ሥር «ክራሽ» ውስጥ ተቀምጧል። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ይህ ሁለተኛው ከርነል እንዲህ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ፣ ዳምፑን ከያዘ በኋላ እዚያው ስራውን ቢቀጥል አይሻልም? ይህ ሰርቨር ባዮሱ ላይ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል።

ቆርኪ፦
አይሆንም። በአንድ ሲፒዩና በቁራጭ ሜሞሪ ነው ያለው፣ ሪሴት ያልተደረጉ ሌሎች ካርዶችም አሉ። ዳምፑን ይያዝ፣ ከዚያ በባዮስ በኩል ይነሳ። ደቂቃዎቹን ታገሺያቸው።

የአቃቂ ልጅ፦
ሰርቨሩ የማኔጅመንት ፖርት ካለው በአይፒኤምአይ (ሰርቨሩን ከርቀት ማዘዣው) «ፓወር ሳይክል» አድርጊው፣ ኃይሉን ዘግቶ ይከፍተዋል፣ ከተራው ሪስታርት የበለጠ ያጸዳል። አንዳንድ ኔትወርክ ካርድ ግን በስታንድባይ ኃይል ስለሚኖር ያኔም የድሮውን ይዞ ይነሳል። እንዲህ ካጋጠመሽ ያው ገመዱን ነቅሎ ትንሽ መጠበቅ ነው።

የለገጣፎዋ፦
ፖርቱ አለ፣ ኬብል ግን አልተሳበለትም። ቅዳሜ እስበዋለሁ። እስከዚያ የጋሼ ስልክ አለ።