32768 በ32768 የሆነ ኤፍኤፍቲ ከ8 ትሬድ በላይ ለምን አይፈጥንም?

ራዳር_ምስል፦
ጤና ይስጥልኝ። 32768 በ32768 የሆነ ኮምፕሌክስ ማትሪክስ አለኝ፤ በደብል (እያንዳንዱ ኮምፕሌክስ ቁጥር 16 ባይት) 16 ጊጋባይት ይይዛል። ኤፍኤፍቲውን (ዳታን ወደ ፍሪኩዌንሲ የሚለውጥ ስሌት) ለረድፎቹና ለዓምዶቹ በየራሳቸው የኤፍኤፍቲደብልዩ (የኤፍኤፍቲ ላይብረሪ) ፕላን ወይም እቅድ፣ በኦፕንኤምፒ (ሥራን ለብዙ ትሬድ የሚያከፋፍል መሣሪያ) ነው የማስኬደው። ማሽኑ ሁለት ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ)፣ በድምሩ 32 ኮር አለው። እስከ 8 ትሬድ (እኩል የሚሄድ የሥራ ክር) ጊዜው በደንብ ይቀንሳል፤ ከዚያ ወዲያ 16ም ብሰጠው 32ም ብሰጠው ፈቀቅ አይልም። ጊዜውን የሚበላው የዓምዶቹ ዙር ነው። ምን ላድርግ?

ካሽ_መስመር፦
ስሌቱ አይደለም የያዘዎት። ጠቅላላው ወደ 160 ቢሊዮን ኦፕሬሽን ነው፤ ለ32 ኮር ቀላል ነው። ኮሮቹ ከሜሞሪ ዳታ እየጠበቁ ነው።

በአንድ ዓምድ ላይ ተከታትለው ያሉ ቁጥሮች በ524,288 ባይት ይራራቃሉ። ይህ ርቀት የ2 ርቢ ስለሆነ ቁጥሮቹ ካሽ (ከኮሩ አጠገብ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ እዚያው ጥቂት ቦታ ላይ ወድቀው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በዚያ ላይ 64 ባይት የሚይዝ አንድ የካሽ መስመር በመጣ ቁጥር 16 ባይቱን ብቻ ተጠቅመው ይጥሉታል።

መጀመሪያ የረድፉን ርዝመት 32776 ያድርጉት፤ መጨረሻ ላይ 8 ባዶ ቁጥር መጨመር ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ትሬድ 4 ጎረቤት ዓምዶችን ወደ ራሱ 2 ሜጋባይት በፈር (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ይቅዳ፣ እዚያ ኤፍኤፍቲውን ይሥራ፣ ይመልስ። የማትሪክሱ መነሻ በ64 ባይት ከተሰለፈ አራቱ ዓምዶች አንድ የካሽ መስመር ልክ ይሞላሉ። ፕላኑ ትሬዶቹ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ጊዜ ይሠራ፤ በበርካታ ትሬድ እኩል ማስኬድ ይቻላል፣ ያለ ጥበቃ እኩል ማቀድ ግን አይቻልም፣ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለት_ሶኬት፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሊኑክስ እያንዳንዱን ገጽ (የሜሞሪ ቁራጭ) በተለምዶ የሚያስቀምጠው መጀመሪያ የነካው ኮር ባለበት ሶኬት ሜሞሪ ላይ ነው። ፋይሉን በአንድ ትሬድ ካነበቡት 16 ጊጋባይቱ በሙሉ አንድ ወገን ይከማቻል፣ የሌላው ሶኬት 16 ኮሮችም በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ባለው ጠባብ ማገናኛ ይሰለፋሉ። ከማንበብዎ በፊት ማትሪክሱን በትሬዶቹ ሁሉ፣ በኋላ ረድፎቹን በሚከፋፈሉበት አከፋፈል ዜሮ ይሙሉት፤ ትሬዶቹም እያንዳንዳቸው ከአንድ ኮር እንዳይነቃነቁ ያድርጉ።

ሌላው፦ በ«ሜዠር» (እየሞከረ ፈጣኑን መንገድ በሚመርጠው አቀዳድ) የሚያቅዱ ከሆነ እቅዱ በማትሪክሱ ውስጥ ያለውን ዳታ ይደመስሳል። ዳታውን ከእቅድ በኋላ ይጫኑ።

ራዳር_ምስል፦
አመሰግናለሁ። ወደ 16 ማሽን በኤምፒአይ (ማሽኖች ዳታ የሚላላኩበት መንገድ) ብወስደውስ?

ካሽ_መስመር፦
በረድፍ ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ዓምዶቹ ጋ ሲደረስ ግን ሁሉም ለሁሉም መላክ አለበት። እያንዳንዱ ማሽን ለእያንዳንዱ 64 ሜጋባይት ይልካል፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ቀርፋፋ ከሆነ አንድ ማሽን ይሻላል። ፍሪኩዌንሲው ላይ ፊልተር አባዝተው የሚመልሱ ከሆነ ውጤቱን እንደተገለበጠ (ረድፉና ዓምዱ እንደተቀያየረ) ይተዉት፤ ኤፍኤፍቲደብልዩ «ትራንስፖዝድ አውት» የሚባል ምርጫ አለው፣ ለመልሱ ጉዞ ደግሞ «ትራንስፖዝድ ኢን»። በየአቅጣጫው አንድ ዙር ልውውጥ ይቀርልዎታል። ፊልተሩንም ተገልብጦ ማዘጋጀት አይርሱ። ከዚያ በፊት ግን ነጠላ ፕሪሲዥን (ቁጥሩን በግማሽ ባይት ብዛት መያዝ) ለምስሉ ይበቃ እንደሆነ ይፈትሹ፤ ከበቃ 16ቱ ጊጋባይት 8 ይሆናል።