የካርቦን ሲትፖስት (የብስክሌቱ ወንበር የሚቆምበት ዘንግ) እየሰመጠ አስቸገረኝ፣ ነገ ጠዋት ሱሉልታ ነን! ቶሎ እርዱኝ

ዳገት ወዳጅ (ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡20)
ሰዎች ቶሎ በሉልኝ። ወንበሩ እየነዳሁት ቁልቁል ይሰምጣል። ዛሬ ብቻ አንድ ጣት ያህል ወርዷል፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። በ5 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ነው ያሰርኩት፣ ዘንጉን ፍሬሙ ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት ላይም የተጻፈው 5 ነው። 8 ባደርገው ምን ይሆናል? ነገ 12 ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው።

ቀይ ካቴና
ካርቦን ፓስት፣ ያንን እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ሻካራ ቅባት፣ ቀባው። አለቀ።

ጋሽ ብሩጎላ
ልጄ፣ በመጀመሪያ 8 የምትለዋን እርሳት። የካርቦን ክር በርዝመቱ ሲጎተት ብረትን ያስንቃል። ከጎን ስታንቀው ግን ጫናው የሚያርፈው ክሩን ባጣበቀው ሙጫ ላይ ነው። አሉሚኒየም ሲጨነቅ ጎድጎድ ብሎ ያስታውቅሃል፣ ካርቦን ግን ጉዳቱን ውስጡ ይዞ ዝም ይላል፣ የሚሰበረውም አንድ ቀን ጉድጓድ ስትመታ ነው። እነዚህ ብስክሌቶች ደግሞ ትርፍ ሥጋ የላቸውም። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት ሙሉው ብስክሌት 6.8 ኪሎ ነው፣ ፋብሪካዎቹም ወደዚያ ለመጠጋት ሲሉ ፍሬሙን ብቻውን ከ1 ኪሎ በታች ያወርዱታል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ነው፣ ምክር አይደለም።

ማርታ ዋት
ጋሼ፣ ለነገው ሱሉልታ 6.8 ኪሎው ምን ይፈይድለታል? ይልቅ ዳገት ወዳጅ፣ አንተ እነዚህን መልስ፦ ማጥበቂያው ከውጭ ቀለበት ነው ወይስ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ ሽብልቅ? ዘንጉ ክብ ነው? ስንት ሚሊሜትር? ምን ቀብተህ አስገባኸው? 5ቱንስ በምን ለካኸው?

ዳገት ወዳጅ
የውጭ ቀለበት፣ አንድ ብሎን። ዘንጉ ክብ፣ 27.2። እንዳይነክስ ብዬ ግራሶ በደንብ ቀብቼዋለሁ። ቶርክ ቁልፉ (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካው ቁልፍ) ሰፈር ካለ የመኪና ጋራዥ የተዋስኩት ነው፣ ከ20 ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ በታች አዙሬ በግምት 5 አደረግኩት።

ቸርኬ
ሁለት ወንጀል በአንድ መልስ። ግራሶ ለካርቦን ዘንግ ቅቤ የተቀባ ምሰሶ ማለት ነው፣ ማን ይይዘዋል?

ማርታ ዋት
ግራሶው የሰመጠበት ምክንያት ነው፣ እሱ ቀላል ነው። የሚያሰጋኝ ቁልፉ ነው። ቀጭ የሚለው ቶርክ ቁልፍ ውስጡ በሚጨመቅ ስፕሪንግ ነው የሚሠራው። ከመጀመሪያው ቁጥር በታች ካወረድከው ስፕሪንጉ ልል ይሆናል፣ ምንም ላይለካ ይችላል። ቀጭ እስኪል ጠብቀህ ከሆነ 5 ይሁን 15 የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከማሰርህ በፊት ዘንጉ መትረፉን አረጋግጥ።

ከመንካትህ በፊት ከፔዳል ዘንጉ መሐል እስከ ወንበሩ ጫፍ በሜትር ለክተህ ጻፍ። ብሎኑን አላላ፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ ዘንጉን አውጣ። ዘንጉንም የፍሬሙን ቱቦ ውስጥም ፋርማሲ በሚሸጠው 70% አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም። ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪን ስላለው ያንሸራትታል። በናፍጣ ማጠብማ ጭራሽ፣ ዘይቱን ትቶ ነው የሚሄደው።

ቀይ ካቴና
ከዚያ ካርቦን ፓስት።

ሽቦ በሽቦ
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጠህ ዘንጉን ጠቅልለው፣ ወርቅ ሆኖ ይቀመጣል።

ጋሽ ብሩጎላ
ወርቅ አይደለም፣ ቢላ ነው። የቆርቆሮው ጠርዝ ቫርኒሹን ይቆርጠዋል፣ ጫናውም በዙሪያው እኩል መሆኑ ይቀርና አንድ መስመር ላይ ይከማቻል። ዘንጉ ለፍሬሙ ቀጥኖ እንደሆነ በካሊፐር ለካ። 27.2 ፍሬም ውስጥ 27.0 ዘንግ ገብቶ ከሆነ መድኃኒቱ ትክክለኛውን መግዛት ብቻ ነው።

ዳገት ወዳጅ
ፓስቱን በዚህ ሰዓት ከየት ላምጣ? የጥርስ ሳሙናም ሻካራ ነው ይላሉ።

ቸርኬ
የጥርስ ሳሙና ሲደርቅ ዱቄት፣ ሲረጥብ አረፋ ነው። ዘንጉ ቁልቁል ሲወርድ ግን ትንፋሹ ጥሩ ጥሩ ይሸታል። የብስክሌቱን ካርቶንና የዕቃ ከረጢት ፈትሽ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ የፓስት ፓኬት አብሮ ይመጣል። ነገ አብረውህ ከሚወጡት አንዱ ጋም ፊኒሽ ላይን ፋይበር ግሪፕ ወይም የፓርክ ቱል ፓስት ይኖራል፣ ደውል። የሚያስፈልግህ የአተር ፍሬ የምታክል ናት፣ ቀለበቱ በሚያርፍበት ከፍታ ዙሪያውን ስስ አድርገህ። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ስለሚነክሱ በትንሽ ኃይል ይይዛል፣ በ4 ጀምር። ጨርሶ ካጣህ ደረቅና ንጹሕ ካርቦን ከግራሶ እጅግ ይሻላል።

ቆይ ቆይ፣ ካምቢዮህ ኤሌክትሮኒክ ነው እንዴ? የሺማኖ ዲአይ2 ከሆነ ባትሪው እዚያው ዘንጉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በኃይል እንዳትስበው!

ዳገት ወዳጅ
ዘገየህ ወንድሜ። ባትሪው ከዘንጉ ጋር ወጣ፣ ሽቦው ፍሬሙ ውስጥ ቀረ። አሁን ደግሞ ካምቢዮው ሞቷል። 12 ፍጥነት ነው። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ የባሰ አበላሸሁት።

ማርታ ዋት
አልተበላሸም፣ ሶኬቱ ነው የተነቀለው። ፍሬሙን ገልብጠህ ቀስ እያልክ አራግፈው፣ የሽቦው ጫፍ ወደ አፉ ይመጣል። ካልመጣ ቀጭን ሽቦ አጥፈህ ጫፉን በፕላስተር ሸፍነህ ሳበው። ባትሪው ላይ ሶኬቱን ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ግፋ፣ ቀጭ ማለቱ በጣትህ ይሰማሃል። የሶኬቱ መግፊያ መሣሪያ ቲኤል-ኢደብሊው300 ነው፣ ለ11 ፍጥነቱ የሚሆነው ሌላ ነው፣ አታቀያይር። ከሌለህ በጥፍርህ ግፋ እንጂ በፒንሳ አትንካው። ዘንጉን ከመመለስህ በፊት ኋላውን አንሥተህ ፔዳሉን እያሽከረከርክ ቀያይር፣ ከሠራ ነው የምታስገባው።

ጋሽ ብሩጎላ
ሁለት ነገር ልጨምር። ግራሶ ጨርሶ አትጠቀም አልተባለም፣ ቦታው የብሎኑ ጥርስና የብሎኑ ራስ ሥር ነው። ደረቅና ዝገት የነካው ብሎን ኃይልህን ራሱ ይበላዋል። ቁልፉ 5 ይልሃል፣ ቀለበቱ ጋ የሚደርሰው ግን ከዚያ ያንሳል።

ሁለተኛው ልኬቱ ነው። የጋራዡን ቁልፍ መልስና የሻንጣ መመዘኛ፣ ያንን ባለ መንጠቆውን፣ ፈልግ። የብሩጎላውን አጭር ጫፍ ብሎኑ ውስጥ አድርገህ ረጅሙን ክንድ ከብሎኑ መሐል 10 ሳንቲሜትር ላይ ምልክት አድርግበት። መንጠቆውን እዚያ አስገብተህ ከክንዱ ጋር በቀኝ ማዕዘን ሳብ። 4 ኪሎ ሲያነብ ወደ 4 ኒውተን ሜትር ነህ፣ 5 ኪሎ ወደ 5። ክንዱ ካጠረህ 7 ሳንቲሜትር ላይ 7 ኪሎ ያው ወደ 5 ነው። በዝግታ እንጂ በመንጨቅ አይሆንም። ከዚያ በዘንጉ ዙሪያ ቀለበቱ አፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልል፣ ነገ ከሰመጠ ፕላስተሩ ወዲያው ይሰበሰባል።

ሽቦ በሽቦ
የሻንጣ መመዘኛ ይቻላል፣ የለስላሳ ቆርቆሮ ግን አይቻልም። እሺ።

ዳገት ወዳጅ (ከምሽቱ 3፡05)
ሽቦው ገባ፣ ካምቢዮው ተነሥቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ ማርታ። ግን በአልኮል ስጠርገው ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ላይ ፀጉር የምትመስል ነጭ መስመር አለች፣ ከዙሪያው ሩብ ያህል ትሄዳለች። ጥፍሬ አይይዛትም። ቫርኒሹ ነው አይደል?

ጋሽ ብሩጎላ
ጥፍር ስላልያዘ ብቻ ቫርኒሽ ነው አትበል። የ1 ብር ሳንቲም ያዝና ከወንበሩ በኩል ጀምረህ ዘንጉን ቀስ እያልክ አንኳኳ፣ በየግማሽ ሳንቲሜትሩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። መስመሯ ጋ ስትደርስ እንደ ካርቶን ድፍን ካለብህ ሙጫው ከክሩ ተላቋል። አውራ ጣትህን አጠገቧ አድርገህ ጫን ስትለውም ነጩ የሚሰፋ ከሆነ አለቀ፣ ዘንጉ አይጫንም። ፍሬሙንም እዚያው ከፍታ ላይ ከውጭ እይ፣ በተለይ የቱቦው መሰንጠቂያ የሚያልቅበትን ጥግ።

ቸርኬ
27.2 ክብ መሆኑ ዕድልህ ነው፣ ከጓደኛ የአሉሚኒየም ዘንግ ተዋስ። እሱንም በፓስት ነው የምታስገባው፣ ፍሬሙ ካርቦን ነውና። ባትሪው ውስጡ መግባቱን አስቀድመህ ሞክር፣ ዘንጉ ላይ የተሰመረውን፣ ቢያንስ እስከዚህ ይግባ የሚለውን መስመርም ከቀለበቱ በታች ቅበረው።

ማርታ ዋት (ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11፡30)
ሳንቲሙ ምን አለ? ሳትመልስ እንዳትሳፈር።

ቀይ ካቴና (ከጠዋቱ 1፡10)
ፓስት ቀብቶ ወጥቷል።