አንኮበርና ወፍ ዋሻ በሁለት ቀን፦ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ምን ይደረሳል?

የጠራ ሰማይ

ሰላም ለቤቱ። በኅዳር አጋማሽ ቅዳሜና እሑድ አንኮበርን ለማየት አስበናል። አምስት ነን፤ 9 እና 12 ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ እናቴም ጉልበቷን ያማታል። ዓርብ ማታ ደብረ ብርሃን እናድራለን፣ የራሳችን መኪና አለን። የጥንቱን የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ ወፍ ዋሻ ደንን፣ የምኒልክ መስኮት የሚባለውን የገደል ዳር መመልከቻና አልዩ አምባ ከተማን በሁለት ቀን ማዳረስ ይቻላል? ካልተቻለ የቱ ይቅር? ልብስስ ምን ይያዝ?

ጎረቤላ

አራቱን አንድ ላይ አትሞክሩት። የምኒልክ መስኮት በአንኮበር መንገድ ላይ አይደለም፤ በደሴው መስመር ጣርማ በር አጠገብ ነው። ሁለቱ መንገዶች ከደብረ ብርሃን ይለያያሉና አንዱን ስትሄዱ ሌላውን «በዚያው» ማየት የለም። ብዙ ሰው ቀኑን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ትንሽ ስለሆነ ረፋድ ላይ መነሳት ያምራል፣ ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የምትደርሱበት ሰዓት ነው ወሳኙ። አንኮበር የተቀመጠችው ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ይወጣል፣ ከላይ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ጠዋት እስከ ታች ድረስ የሚታየው አገር ከሰዓት በኋላ ነጭ ግድግዳ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፣ 2 ሰዓት ላይ ጠርዙ ላይ ሁኑ።

ጭላዳ ዝንጀሮም የሚታየው በዚያው ሰዓት ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። በሁለት እጁ እየለቀመ መዳፉ ሲሞላ ነው ወደ አፉ የሚሰደው፣ ከዚያ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይጠጋል። ለልጆቹ ሁለት ነገር ንገሯቸው። አንደኛ፣ በመንጋውና በገደሉ መካከል አይግቡ፤ ገደሉ መሸሻው ስለሆነ መንገዱ ሲዘጋበት ይደነግጣል። ሁለተኛ፣ ዳቦም ሆነ ሙዝ አይወርወር። ከሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ወደ ገብስ ማሳ ይገባል፣ ዕዳው በገበሬው ላይ ነው።

ቤተ መንግሥቱን በተመለከተ፣ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ጥንታዊ ሕንፃ የለም። ከጥንቱ የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ሎጅ በድሮው አምሳል የተሠራ አዲስ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚመጣ ሰው «ለዚህ ነው እንዴ?» ይላል። ኮረብታው ላይ የሚታየው የቦታው አቀማመጥ ነው፦ በሁሉም አቅጣጫ ገደል፣ አንድ ጠባብ መውጫ፣ ከታች ደግሞ የቆላው መንገድ በሙሉ። ነገሥታቱ ለምን እንደመረጡት ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

መኪና እስከ ግርጌው ነው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ገደማ ጠንከር ያለ ዳገት አለ፣ ጉልበት ለሚያመው እጥፍ ቁጠሩ። እናታችንን የሚጎዳት መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ ሲወረድ ክብደቱ ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። ዱላ ይያዝላት፣ ወይም ከተማው ውስጥ በቅሎ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ባለ ሁለተኛ ማርሽ

ስለ መኪናው ልጨምር። ነዳጁን ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ። ወደ አንኮበር ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬን ረግጦ መውረድ የለም፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይተዋል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት፤ ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል።

ጉም ከያዛችሁ ረጅም መብራት አታብሩ። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። አጭሩን አብሩ፣ ክላክስ አትቆጥቡ፤ አህያና በግ የሚታየው አፍንጫችሁ ሥር ሲደርስ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች ጠይቁ። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የምኒልክ መስኮትን የግድ ካላችሁ እሑድን ስጡት። ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ መንገድም እዚያው ነው፣ 600 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

ዝግባና ኮሶ

እኔ ከሆንኩ እሑድን ለወፍ ዋሻ ነበር የምሰጠው። መስኮቱ ግማሽ ሰዓት ፎቶ ነው፣ ደኑ ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋል። መጀመሪያ ጎረቤላ ላይ (የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት) የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አግኙና አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ስለሚዘጋ በሥራ ቀን ደውሉ። ያለ መሪ ትልቁ ችግር አውሬ አይደለም። የከብትና የእንጨት መንገዱ በየቦታው ስለሚቆራረጥ ሰው ሳያውቀው ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲመለስ ዳገቱ ይበላዋል። «መሄጃው ሁለት ሰዓት ከሆነ መመለሻውም ሁለት ነው» ብላችሁ አታስሉ። ሦስት ያዙ።

ልጆቹ ዛፎቹን እንዲለዩ ይህን አሳዩዋቸው። ጥድ ልጡ በቁመት እንደ ገመድ ይላጣል። ኮሶ ግንዱ ቀላ ያለ ነው፣ ቅርፊቱ ይፈረፈራል፣ አበባው ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል። የዝግባ ቅጠል ቀጭንና ጠንካራ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ይቀራል። ጉሬዛ ከፈለጋችሁ ቀና በሉ፣ ድኩላ ከፈለጋችሁ ዝም በሉ። ሳማ አለና ሁሉም ረጅም ሱሪ ይልበስ። የመናገሻ ደን ዘር በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ ተወሰደ ይባላል።

ወፍ ለሚወድ ደግሞ፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በኋላ ሰሜን ተራሮችም ላይ ተገኝታለች። ቢጫም ቀይም አትጠብቁ፣ ቡናማ ዝንጉርጉር ናት። ዛፍ ላይ ሳይሆን ራቁቱን የገደል ጠርዝ ፈልጉ፣ በቡድን ሆና መሬት ለመሬት ትለቅማለች።

የአምባ ልጅ

እኔ አልዩ አምባ ትቅር አልልም፣ በእግር ከሆነ ግን ትቅር። ከፍታዋ ከአንኮበር ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሲወረድ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር ላይ ጋቢ ለብሶ የወረደ ሰው ታች በላብ ይጠመቃል። በመኪና፣ መንገዱ ደህና ነው ከተባላችሁ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ውረዱና ተመለሱ።

አልዩ አምባን ሳያዩ አንኮበርን መረዳት ይከብዳል። ላይኛዋ የንጉሥ ከተማ፣ ታችኛዋ የነጋዴ ናት። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚያ ነበር። አሞሌ ጨው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባሪያም እንዲሁ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር በ1834 ዓ.ም ውል የተፈራረመውም በዚሁ የቆላ በር ወጥቶ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1879 ዓ.ም መሣሪያ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄደው ስለነበር ተከትሏቸው መውጣት ግድ ሆኖበታል።

አንድ እርማት፦ አስጎብኚ ነን የሚሉ ልጆች «ምኒልክ እዚህ ተወለዱ» ይሏችኋል። የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም። አንጎለላ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ደብረ ብርሃን ሳትደርሱ ነው።

ወደ ደኑ ከወረዳችሁ ልጥ ማረፊያን ጠይቁ። ምኒልክ ለጣሊያን አሳሾች የሰጡት ሠፈር ነው፣ መሪያቸው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

የጠራ ሰማይ

እናመሰግናለን! መስኮቱን ሰርዘናል። ቅዳሜ ጠርዙ፣ ኮረብታውና ከተመቸ አልዩ አምባ፣ እሑድ ወፍ ዋሻ። እናቴ እሑድ ምን ታድርግ? ልብሱንም ማንም አልመለሰልኝ።

ጎረቤላ

እናታችን ደን አትውረድ። ጠዋት ኪዳነ ምሕረት አስቀድሳ ፀሐይ ትሙቅ፣ እናንተ እስከ 9 ሰዓት ተመለሱ።

ልብስ በኅዳር፦ ሌሊት ውርጭ አለ፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ሦስት ስስ ልብስ ደርቡ፣ ኮፍያና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ጨምሩ። ለመኪናው አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጣሉበት። ጫማ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ሸራ ጫማ ጤዛ ያረፈበት ሣር ላይ እንደ ሳሙና ነው። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ ቆሎና ዳቦ ከደብረ ብርሃን። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጉዟችሁ ከዚያ በኋላ ከሆነ ለልጆቹ እንቁላል ቀቅላችሁ ያዙ፣ እዚያ ከሽሮና ከምስር ሌላ ላታገኙ ትችላላችሁ።